ስለ ፀሐይና ስለ መስኮት፤ የቤትን ሙቀት በጥበብ ስለ መቀነስ

ፀሐይ የፍጥረት ሁሉ ባለውለታ ናት። ያለ እርስዋ እህል አይበቅልም፥ ልብስ አይደርቅም፥ የሰውም አካል ብርታት አያገኝም። ዳሩ ግን በረከት ሁሉ መጠን አለውና፥ ከመጠን ያለፈ ጊዜ በረከትነቱ ይቀርና ሸክም ይሆናል። ዝናም በልክ ሲዘንም አዝመራን ያሳምራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ያንኑ አዝመራ ጠርጎት ይሄዳል። የፀሐይም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ቤት መሥራትን የተማረው ከብርድና ከዝናም ለመዳን ብቻ አይደለም፤ ከፀሐይም ትኩሳት ጥላ ለማግኘት ነው እንጂ። ስለዚህ ቤት የሚመዘነው በውጭ በሚታየው ውበቱ ብቻ ሳይሆን፥ በውስጡ የሚኖረውን ሰው ምን ያህል ያሳርፈዋል ተብሎ ሊሆን ይገባል።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ነገር ያወቁት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከኑሮ ነው። የአፋር ሰው ከሰሌን ሠርቶ የሚያቆመው ጎጆ ጥላ እየሰጠ ነፋስን ያሳልፋል። የሐረር ሰው በድንጋይ ያቆመው ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት እያዘገየ ውስጡን ያቀዘቅዛል። የጥንት አብያተ ክርስቲያናት መስኮት ጠባብ የሆነው ሠሪዎቹ ትልቅ መስኮት መክፈት ተስኗቸው ብቻ አይደለም፤ ውስጡ በቀትር ቀዝቃዛ፥ ለጸሎትም የተመቸ እንዲሆን ይረዳ ስለ ነበረ ነው። እነዚህ ሁሉ በመልክና በሥራ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ፀሐይ ወደ ቤት የምትገባው ባለቤቱ በፈቀደላት መጠን ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር ድሬዳዋ መልካም ምስክር ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ቦታ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቆረቆረች። በከዚራ ሰፈር የተሠሩትን የቆዩ ቤቶች የተመለከተ ሰው፥ ሠሪዎቹ ስለ ፀሐይ አስቀድመው እንዳሰቡ ያስተውላል። በረንዳው ሰፊ ነው፤ ጣራው ከግድግዳው አልፎ ወጥቷል፤ በመስኮቱ ላይ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ አለ፤ በመንገዱም ግራና ቀኝ ዛፍ ተተክሏል። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ አየር ማቀዝቀዣ በሰው ቤት አልነበረም፤ ስለዚህ ቤቱ ራሱ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ግድ ነበር።

ዛሬ ግን በቆላው ከተሞች የሚሠራው ቤት ሌላ መልክ ይዟል። በድሬዳዋም ሆነ በሰመራ፥ በጋምቤላም ሆነ በጎዴ፥ አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው መስኮቱ ሰፊ፥ መስተዋቱም ከግድግዳው እኩል የሚሆን ያህል ትልቅ እንዲሆንለት ይወዳል። ይህን መውደዱ አያስነቅፈውም። ብርሃን የሞላበት ክፍል ልብን ደስ ያሰኛል፤ ልጅ ለማጥናት፥ እናትም መርፌ ለመሰካት ይመቻቸዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መስኮቱ ሲሰፋ በረንዳው ይቀራል፤ ጣራው ከግድግዳው ልክ ይቆረጣል፤ የእንጨት መዝጊያው የአሮጌ ዘመን ምልክት ነው ተብሎ ይጣላል፤ ዛፉም መኪና ለማቆሚያ ሲባል ይቆረጣል። ኋላም የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተጠጋ ጊዜ፥ በአፋር ቆላ ደግሞ ከ40 ዲግሪ ባለፈ ጊዜ፥ የቤቱ ሰው ከክፍሉ ወጥቶ በግድግዳ ጥላ ሥር ለመቀመጥ ይገደዳል። ቤት ያለው ሰው ከቤቱ ተሰዶ ደጅ ሲውል ከማየት የበለጠ የሚያስገርም ነገር የለም።

አቅም ያለው ሰው አየር ማቀዝቀዣ ይገዛል። ማቀዝቀዣውም ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል፤ በወሩም መጨረሻ ሒሳቡ ይመጣል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ በ4 ዓመት ውስጥ ከፍ እንዲል ተወስኗል፤ ብዙ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት ከሚጠቀመው ይበልጣል። ስለዚህ በቆላ የሚኖር ቤተ ሰብ ሙቀትን ለማስወጣት የሚያወጣው ገንዘብ ከእህሉ፥ ከልጁ ደብተርና ከመድኃኒቱ ላይ የሚቀነስ ሆኗል።

ከዚህ የተነሣ በመስኮት መስተዋት ላይ የሚለጠፍ፥ በገበያ ፊልም፥ በሌላ ቦታም ስቲከር የሚባል ስስ ነገር ብዙ ሰው እየፈለገው ነው። ሻጮች ሙቀትን ሁሉ የሚያጠፋ መድኃኒት አድርገው ያወድሱታል፤ የማያምኑት ደግሞ ገንዘብ ለማባከን የመጣ ጌጥ ነው ይሉታል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ እውነቱን ለማግኘት ነገሩን ከመሠረቱ መመርመር ያሻል።

ከፀሐይ የሚመጣው ኃይል ሁሉ ለዓይን የሚታይ ብርሃን አይደለም። እኩሌታ የሚያህለው ዓይን የማያየው፥ ቆዳ ግን የሚያውቀው ጨረር ነው፤ ይኸውም ታሕተ ቀይ ይባላል። ጥቂቱ ክፍል ደግሞ መጋረጃንና ምንጣፍን የሚያነጣ፥ ቆዳንም የሚጎዳ ላዕለ ሐምራዊ ጨረር ነው። የቀረው ሰው የሚያይበት ብርሃን ነው። የሚታየውም ብርሃን ቢሆን በወለልና በዕቃ ላይ አርፎ በተዋጠ ጊዜ ሙቀት ይሆናል። ተራ የሆነ አንድ ንጣፍ ጥሩ መስተዋት ከሚያርፍበት የፀሐይ ኃይል ከመቶ 85 ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር እንደሚገልጸው፥ ሁለት ንጣፍ መስተዋት ባለው በተለመደው መስኮት እንኳ ከመቶ 76 ያህሉ ገብቶ ሙቀት ይሆናል።

መስተዋት ሌላም ጠባይ አለው። የፀሐይን ጨረር ወደ ውስጥ ሲያስገባ እንደ ቸር በረኛ ነው፤ ወለሉና ዕቃው ሞቀው መልሰው የሚሰዱትን የሙቀት ጨረር ግን በቀጥታ አያሳልፍም። ስለዚህ የገባው ሙቀት በቀላሉ አይወጣም። በፀሐይ የቆመ መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ከዋለ በኋላ በሩን የከፈተ ሰው ይህን ትምህርት ያለ አስተማሪ ተምሮታል። መስኮቱ ሰፊ የሆነ፥ ጥላ የሌለው ቤትም እንደዚያው መኪና ነው፤ ልዩነቱ ሰው በመኪናው ለጥቂት ጊዜ ሲቀመጥ በቤቱ ግን ዕድሜውን የሚኖር መሆኑ ነው።

ፊልሙ የሚረዳው በዚህ ላይ ነው። ፖሊስተር ከሚባል ከጠጉር በቀጠነ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፥ በአንድ ወገን ሙጫ አለው። ፀሐይን ለመከላከል ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው የመስኮት ፊልም የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለስሪኤም ኩባንያ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይነቱ በዝቷል። አንደኛው በቀለም ብቻ የጠቆረ ነው፤ ይህ ጨረሩን ውጦ መስተዋቱን ያሞቀዋል፥ የሞቀውም መስተዋት ከሙቀቱ ከፊሉን ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። ሁለተኛው እጅግ የሳሳ የብረት ቅብ ያለበት ነው፤ ይህ ከፊሉን ጨረር እንደ መስታዋት መልክ ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ሦስተኛው ሴራሚክ የሚባለው ነው፤ ይህና በጥንቃቄ የተመረጠ የብረት ቅብ ያለባቸው ዓይነቶች የማይታየውን የሙቀት ጨረር አብዝተው እየከለከሉ የሚታየውን ብርሃን በብዛት ያሳልፋሉ፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። መልካም ፊልም ደግሞ ላዕለ ሐምራዊውን ጨረር እስከ 99 ከመቶ ድረስ ስለሚከለክል፥ መጽሐፍና መጋረጃ፥ የሶፋም ልብስ ቶሎ እንዳይነጣ ይረዳል።

ታዲያ ጥቅሙ በገንዘብ ሲሰላ ምን ያህል ነው? ወደ ምዕራብ የሚመለከት፥ ስፋቱ 2 ሜትር ካሬ የሆነ መስኮት አለ ይባል። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ድረስ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ በአማካይ 500 ዋት የፀሐይ ኃይል ቢያርፍበት፥ በጠቅላላው 1000 ዋት ይሆናል። ጥሩው መስተዋት ከዚህ 850 ዋት ያህሉን ያስገባል፤ ይህም በክፍሉ መካከል አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለ4 ሰዓት ለኩሶ እንደ መተው ያህል ነው። ከመቶ 45 ብቻ የሚያስገባ ፊልም ቢለጠፍበት፥ የሚገባው ወደ 450 ዋት ይወርዳል። ስለዚህ 400 ዋት ሙቀት በደጅ ይቀራል ማለት ነው።

ማቀዝቀዣው ግን 400 ዋት ሙቀት ለማስወጣት 400 ዋት ኤሌክትሪክ አይፈጅም። ደኅና የሆነ ማቀዝቀዣ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ያስወጣልና፥ የሚድነው ኤሌክትሪክ 133 ዋት ያህል ነው። ይህ በቀን 4 ሰዓት ሲባዛ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት፥ በወር ደግሞ 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሦስት መስኮቶች ያሉት ቤት በወር 48 ኪሎዋት ሰዓት ሊያድን ይችላል። ከአንድ መስኮት የሚድነው ኤሌክትሪክ 60 ዋት የሚፈጅ የጣራ ማራገቢያን በየቀኑ 8 ሰዓት ያህል ለማሽከርከር ይበቃል።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፥ ፊልሙ ጌጥ ብቻ ነው የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ጥቅሙ በቁጥር የሚነገር እውነተኛ ነገር ነውና። ሁለተኛ፥ ወጪህን በእኩሌታ ይቀንስልሃል እያለ የሚሸጥ ነጋዴ እውነት አይናገርም፤ ከመስኮቱ የሚቀነሰው ሙቀት በእኩሌታ ቢሆንም ወደ ቤት የሚገባው ሙቀት በመስኮት ብቻ አይደለምና። በጣራ ይገባል፥ በግድግዳ ይገባል፥ በተከፈተ በር ይገባል፥ ከወጥ ቤት ምድጃም ይመጣል። ገዢው የፊልሙን ዋጋ ከዓመት ቁጠባው ጋር አስተያይቶ፥ በስንት ዓመት ወጪውን እንደሚመልስ በወረቀት ጽፎ ሳያሰላ ገንዘቡን ከኪሱ ባያወጣ ይሻለዋል። መልካም ፊልም በጥንቃቄ ከተለጠፈ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ርካሹ ግን ቶሎ ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል፥ ያብጣል፥ ይላጣል።

የሚለጠፍበትም ቦታ መመረጥ አለበት። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትውላለች። በድሬዳዋ በሚያዝያና በነሐሴ ቀትር ላይ በቀጥታ ከአናት ትቆማለች፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ፥ በሰኔ ደግሞ ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ከፍ ብላ የቆመችውን ፀሐይ ትንሽ የጣራ ክፈፍ ይመክታታል። ጠዋት ከምሥራቅ፥ ከሰዓት በኋላም ከምዕራብ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ግን ክፈፍ አይመክታትም፤ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ዘልቃ እስከ አልጋ ትደርሳለች። ከሁለቱም የምዕራቡ ይከፋል፤ በዚያን ሰዓት አየሩም ምድሩም አስቀድሞ ሞቆ ቆይቷልና። ስለዚህ ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው መስኮቱን ሁሉ ከመለጠፍ የምዕራቡን ብቻ ቢለጥፍ ብዙውን ጥቅም በጥቂት ወጪ ያገኛል።

ፊልሙ የማይገባባቸውም ቤቶች አሉ። በደብረ ብርሃን፥ በአሰላ፥ በአዲስ አበባም ቢሆን ሌሊቱና ጠዋቱ ብርድ ነው፤ በእነዚህ አገሮች በመስኮት የምትገባ የጠዋት ፀሐይ ያለ ዋጋ የምትነድ ምድጃ ናት። ደገኛው የቆላውን ሰው አይቶ መስኮቱን ቢያጠቁር፥ ብርዱን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፤ ፊልሙ በጋና ክረምትን ለይቶ አያውቅምና። እንደዚሁም ዛፍ ወይም በረንዳ አስቀድሞ ለጋረደው መስኮት ፊልም መለጠፍ በጃንጥላ ላይ ጃንጥላ እንደ መያዝ ነው።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ጣራው መታየት አለበት። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ያለበት ቤት፥ ፀሐይ ከአናት በምትቆምበት አገር፥ ትልቁን ሙቀት የሚቀበለው ከላይ ነው። ለእንደዚህ ያለ ቤት ባለቤት ገንዘቡን ለመስኮት ፊልም ማዋል፥ በሩ ተከፍቶ ሳለ የቁልፍ ቀዳዳን እንደ መድፈን ይሆንበታል። እርሱ አስቀድሞ ኮርኒስ ያሠራ፤ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይተው፤ ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም ይቀባ። ነጭ ነገር ብርሃንን እንደሚመልስ፥ ጥቁር ነገርም እንደሚውጥ በበጋ ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለመስኮቱም ቢሆን ከፊልም የሚቀድም መድኃኒት አለ፤ እርሱም ፀሐይን መስተዋቱን ሳትነካ በደጅ ማስቀረት ነው። የገባ ሙቀትን ከማባረር እንዳይገባ መከልከል ይቀላልና። ያው የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በመስኮት ላይ ከውጭ የሚዘረጋ የሸራ ጥላ በምዕራብ መስኮት የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት እስከ 77 ከመቶ፥ በደቡብ መስኮት ደግሞ እስከ 65 ከመቶ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ይህን ያህል የሚያደርግ ፊልም ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢገኝም ብርሃኑን አብሮ ይወስዳል። የሸራ ጥላ ለመሥራት የሚያስፈልገው እንጨት፥ ሚስማርና ሸራ በየገበያው ይገኛል። የሰሌን ምንጣፍ ከውጭ ማንጠልጠል ከዚያም ይረክሳል። ከምዕራብ በኩል የሚተከል ኒም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ጥላው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በቀትር መስኮትን ዘግቶ መጋረጃን መጋረድ፥ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ከፍቶ ነፋስ ማስገባት ደግሞ ምንም ዋጋ የለውም።

እንዲህ ከሆነ ፊልም ለማን ይጠቅማል? መልሱ ግልጽ ነው፤ ሌላውን ለማድረግ ለማይችል ሰው ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ዛፍ ሊተክል አይችልም፤ ከግድግዳው ውጭ ሸራ ለመዘርጋት ጎረቤትና ደንብ ይከለክሉታል። ተከራይ የሆነ ሰው የሌላውን ቤት ጣራ ሊለውጥ፥ በረንዳም ሊያስቀጥል አይችልም። የታመመ አባት ወይም አራስ ያለበት፥ ክፍሉም ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ የሚግልበት ቤተ ሰብ ዛፉ እስኪያድግ ሊጠብቅ አይችልም። ማቀዝቀዣ የሌለው ድሀ ቤት እንኳ ከፊልሙ የገንዘብ ቁጠባ ባያገኝ የአካል ዕረፍት ያገኝበታል፤ የቀነሰው 400 ዋት ሙቀት ማቀዝቀዣ ኖረም አልኖረ በደጅ ይቀራልና። ለእነዚህ ሰዎች ፊልሙ ቅንጦት አይደለም።

ገዢ ሰው ግን ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፥ የጠቆረ ሁሉ ቀዝቃዛ አለመሆኑ ነው። ጥቁረት የሚታየውን ብርሃን መቀነሱን እንጂ ሙቀቱን መከልከሉን አያመለክትም። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ምን ያህል ይጠቁራል ተብሎ ሳይሆን፥ ከፀሐይ ሙቀት ከመቶ ስንቱን ያስገባል፥ ከሚታየው ብርሃንስ ከመቶ ስንቱን ያሳልፋል ተብሎ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በጽሑፍ ሊያሳይ የማይችል ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም። ቤቱን አጨልሞ በቀን አምፑል የሚያበራ ሰው የቆጠበውን በሌላ እጁ ይበትናል፤ የልጆቹንም ዓይን ያደክማል።

ሁለተኛው ስለ መስተዋቱ ደኅንነት ነው። ጨረርን የሚውጥ ፊልም መስተዋቱን ያሞቀዋል፤ መካከሉ ሞቆ ጠርዙ በክፈፉ ጥላ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቀር መስተዋቱ እኩል አይለጠጥም፥ ሊሰነጠቅም ይችላል። በተለይ ሁለት ንጣፍ ባለው፥ ሽቦ በውስጡ ባለበት ወይም አስቀድሞ ቀለም በተነከረ መስተዋት ላይ ከመለጠፍ በፊት ዐዋቂን ማማከር ያሻል። ሦስተኛው ስለ ገመና ነው። እንደ መስታዋት የሚያብለጨልጨው ፊልም ቀን ከውጭ የሚያየውን ሰው ይከለክላል፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፥ በውስጥ ያለው ይታያል፥ በውጭ ያለው አይታይም። ስለዚህ መጋረጃን መጣል አይገባም። አራተኛው ስለ አለጣጠፉ ነው። መስተዋቱ በሳሙናና በውሃ ጸድቶ፥ አቧራ በሌለበት ሰዓት፥ ውሃው በመጥረጊያ ሙልጭ ተደርጎ ካልወጣ ፊልሙ ያብጣል። በአቧራማ ከተማ በቀትር ነፋስ የተለጠፈ ፊልም ቢበላሽ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊታሰብ የሚገባው የፍርድ ነገር አለ። ቤቱን የሚያሠራው ሌላ፥ በሙቀቱ የሚቃጠለው ሌላ፥ የኤሌክትሪኩን ሒሳብ የሚከፍለውም ያው የሚቃጠለው ነው። ባለ ሕንፃው በረንዳ ቢያስቀር የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ይተርፍለታል፤ ፊቱን በመስተዋት ቢሸፍነው ሕንፃው ዘመናዊ ተብሎ ኪራዩ ከፍ ይልለታል። የተረፈው ገንዘብ ግን የትም አልጠፋም፤ በየወሩ ከተከራዩ ኪስ ይወጣል። አንድ ጊዜ በድንጋይና በእንጨት ሊከፈል ይገባ የነበረው ዕዳ፥ ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ በኪሎዋት ሰዓት ይከፈላል። ከውጭ አገር በምንዛሪ የሚመጣው ማቀዝቀዣና ፊልምም ቢሆን የዚያው ዕዳ ክፍል ነው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5150 ሜጋዋት ነው፤ ታዲያ ስለ ጥቂት ዋት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ለዚህ ሰው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ግድቡ የተሠራው ከድሀውም ከባለጸጋውም በተዋጣ ገንዘብ ነው፤ ካዋጡትም መካከል እስከ ዛሬ በጎጆአቸው መብራት ያልገባላቸው ብዙ ናቸው። ጥላ በማጣት ብቻ በከተማ የሚባክን እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ለእነዚያ ሰዎች ሊደርስ ይችል የነበረ ብርሃን ነው። ጎተራ ሞላ ተብሎ እህል በእግር አይረገጥም።

እንግዲህ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ድርሻ አለ። ባለቤት የሆነ ሰው ጣራውንና ጥላውን ያስቀድም፥ ፊልሙን ያስከትል። ተከራይ የሆነ ሰው ከምዕራቡ መስኮት ይጀምር፥ ቁጥሩንም ሳይጠይቅ አይግዛ። አከራይም የተከራዩን ላብ እንደ ራሱ ላብ ቆጥሮ የፊልሙን ወይም የሸራውን ዋጋ ቢጋራ፥ ተከራዩ ሳይሰለች ስለሚቆይለት ጥቅሙ ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣል። መሐንዲስ ደግሞ ለድሬዳዋ የሚነድፈውን ቤት ብርድ ካለበት ከሰሜኑ ዓለም ሥዕል አይቅዳ፤ ወደ ከዚራ ወርዶ የቀድሞዎቹን በረንዳ ይለካ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ የከተማ ሹሞች የአንድን ሕንፃ ጥንካሬ እንደሚመረምሩ ሁሉ፥ ለቆላ አገር የሚሠራው ቤት ለምዕራብ መስኮቱ ምን ጥላ እንዳዘጋጀ ቢጠይቁ፥ አንድ ጥያቄ ብቻ ለብዙ ሺህ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ሒሳብ ታቃልላለች።

ፊልም ለተሠራ ስሕተት የተገኘ መልካም ማስታገሻ ነው፤ ሌላ ስሕተት ለመሥራት ግን ፈቃድ ሊሆን አይገባውም። በሽተኛ መድኃኒት ስላገኘ ብቻ በሽታውን እንደማይወድ፥ ሠሪም ፊልም አለ ብሎ ጥላ የሌለው ቤት መሥራትን አይውደድ። ፀሐይ ነገም በሰዓትዋ ትወጣለች፥ በሰዓትዋም ወደ ምዕራብ መስኮት ትደርሳለች። እርስዋን መክሰስ አይቻልም፤ አስቀድሞ ያሰበ ሰው ብርሃንዋን ይቀበላል፥ ትኩሳትዋንም በደጅ ያስቀረዋል።